የመጀመሪያ ኮምፒውተራችሁን ስትገጣጥሙ፦ የሚያዘገይ ዕቃ እና የሚያስቆም ዕቃ

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ጤና ይስጥልኝ። ከኋላ የቆማችሁ ወደፊት ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ቦታ አለ። ድምፄ ይሰማል አይደል? እሺ፣ ጥሩ።

ስለጋበዛችሁኝ ከልቤ አመሰግናለሁ። ዛሬ የማወራችሁ አኒሜሽን የሚሰራበትም ጌም የሚጫወትበትም የመጀመሪያ ኮምፒውተሩን በራሱ እጅ መገጣጠም የሚፈልግ ሰው ዕቃዎቹን እንዴት ይምረጥ በሚለው ላይ ነው። እዚህ ከተቀመጣችሁት ውስጥ ገንዘቡን አጠራቅማችሁ ጨርሳችሁ "የቱን ልግዛ" እያላችሁ እንቅልፍ ያጣችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እኔም እንደዛው ነበርኩ፣ ማታ ማታ ቪዲዮ ሳይ አንዱ "ምርጡ ይሄ ነው" ይላል፣ ሌላው "እሱንማ እንዳትነኩት" ይላል፣ ሦስተኛው ደግሞ "ትንሽ ጨምራችሁ ከሱ በላይ ያለውን ግዙ" ይላል፣ ትንሽ ጨምሩ ትንሽ ጨምሩ እየተባለ የት ይደረሳል?

ብዙ ቆይቶ ነው የገባኝ፣ አጠያየቄ ነበር ችግሩ። "ምርጡ የቱ ነው" የሚል ጥያቄ መልስ የለውም። አሁን ሰው ሲጠይቀኝ ሁለት ነገር ነው መልሼ የምጠይቀው፦ የቱ ዕቃ ቢያንስህ ስራህ ይዘገያል? የቱ ዕቃ ቢያንስህ ደግሞ ስራህ ጭራሽ ይቆማል? ይቺን ያዙልኝ። የሚያዘገይ አለ፣ የሚያስቆም አለ። የሚያዘገየውን በትዕግስት ታልፉታላችሁ፣ የሚያስቆመውን ግን በትዕግስት አታልፉትም፣ ሌላ ዕቃ መግዛት ነው ያለው። ስለዚህ ገንዘባችሁ መጀመሪያ ወደሚያስቆመው ይሂድ።

አንደኛ፣ አንድ ማሽን ላይ ሁለት ስራ ልትጭኑ እንደሆነ ልብ በሉ።

ጌም በሰከንድ 60 ፍሬም፣ ማለትም 60 ነጠላ ምስል፣ እንዲሄድላችሁ ከፈለጋችሁ ኮምፒውተሩ አንዱን ፍሬም ለመሳል ያለው ጊዜ 17 ሚሊሰከንድ እንኳን አይሞላም። አይን ከመርገብገቡ በፊት አልቋል። አኒሜሽን ላይ ደግሞ እንምጣ። በሰከንድ 24 ፍሬም ብትሰሩ አንድ ደቂቃ ፊልም 1440 ፍሬም ነው። አንዱ ፍሬም ሬንደር ለመሆን፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ከትዕይንታችሁ የመጨረሻውን ምስል አስልቶ ለማውጣት፣ 5 ደቂቃ ቢወስድ ስንት ይመጣል? አስሉት እስቲ። 7200 ደቂቃ። 120 ሰዓት። ሌት ተቀን ሳይጠፋ 5 ቀን ሙሉ ማለት ነው፣ ለአንድ ደቂቃ ፊልም! ያውም አንድ ነገር አበላሽታችሁ እንደገና ካልደገማችሁት።

አያችሁ ልዩነቱን? ጌም የሚፈልገው ቅልጥፍና ነው፣ አኒሜሽን የሚፈልገው ሸክም የሚችል ጀርባ ነው። ለጌም የተባለውን ምክር ሁሉ ሰምታችሁ ከገዛችሁ ቀልጣፋ ግን ሸክም ሲጭኑበት የሚንበረከክ ማሽን ይዛችሁ ቁጭ ትላላችሁ።

ሁለተኛ፣ ግራፊክስ ካርድ፣ ምስሉን የሚያሰላው ዕቃ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ ነው፣ ምክንያቱም ብዙ ገንዘብ የሚሄደው እዚህ ነው፣ ብዙ ሰው የሚጸጸተውም እዚህ ነው።

እኔ የመጀመሪያውን ካርድ ስገዛ ያየሁት የጌም ፍጥነቱን ብቻ ነበር፣ ቪራሙ፣ ማለትም የካርዱ የራሱ ሚሞሪ፣ 8 ጊጋ ነው። ለጌም አንጀቴን አራሰኝ። ከዛ አንድ የጫካ ትዕይንት መስራት ጀመርኩ፣ ጭጋግ ያለበት፣ ጠዋት ላይ ጸሀይ በቅጠሎቹ መሀል የምትገባበት፣ ሦስት ሳምንት ደከምኩበት። ሬንደር የምትለውን ስጫን ትንሽ ቆየና ሚሞሪ አልቋል የሚል ጽሑፍ መጣ። እንደገና ነካሁ፣ እንደገና መጣ። ካርዱ አልዘገየም እኮ፣ ጭራሽ እምቢ ነው ያለው። ጫካው በካርዱ ውስጥ አልገባም፣ በቃ።

ለምን እንዳልገባ ደግሞ ላሳያችሁ። አንድ ቴክስቸር፣ ማለትም ዕቃው ላይ የሚለበጠው ምስል፣ በጎኑ 4096 በ4096 ፒክስል ከሆነ ለእያንዳንዱ ፒክስል 4 ባይት ሲያዝ 64 ሜጋባይት ይወጣዋል። ዲስካችሁ ላይ ጄፔግ ሆኖ ሲቀመጥ ትንሽዬ ፋይል ነው፣ ካርዱ ላይ ሲወጣ ግን ተፈትቶ ነው የሚዘረጋው። አንድ የዛፍ ግንድ የቀለም፣ የሻካራነት፣ ጉብታና ጎድጓዳ የሚያስመስለው የኖርማል እያለ 4 ቴክስቸር ቢኖረው 256 ሜጋባይት። እኔ ደግሞ በ8192 ነበር የጫንኩት፣ ያ 4 እጥፍ ነው፣ አንዱ ግንድ ብቻ 1 ጊጋ ገደማ በላ! አምስት አይነት ዛፍ ነበረኝ፣ መሬቱ አለ፣ ድንጋዩ አለ፣ ቅጠሉ አለ። ያውም አብዛኛው ዛፍ ጭጋግ ውስጥ ከሩቅ የሚታይ ነው፣ ማንም ልጡን አይቶ አያውቀውም። በኋላ የሩቆቹን ወደ 1024 አወረድኳቸው፣ ተመሳሳዮቹን ዛፎች ደግሞ ኮፒ ሳይሆን ኢንስታንስ አደረግኳቸው፣ ከአንዱ ዛፍ ዳታ መቶው እንዲጋራ ማለት ነው፣ ከዛ ገባ። ግን ያን እስካውቅ የጠፋው ጊዜ ጠፋ።

እና አደራ የምላችሁ፣ ለአኒሜሽን ካርድ ስትመርጡ ከፍጥነቱ በፊት ቪራሙን እዩ። ምሳሌ ልስጣችሁ። የኢንቪዲያ አርቲኤክስ 3070 በጌም አርቲኤክስ 3060ን ይበልጠዋል፣ በደንብ ይበልጠዋል። ግን 3070ው 8 ጊጋ ነው ያለው፣ 3060ው ደግሞ 12 ጊጋ። ትልቅ ትዕይንት ስትጭኑ "ደካማው" ካርድ ቀስ እያለ ይጨርሰዋል፣ "ጠንካራው" ጭራሽ ላይነካው ይችላል። በነገራችን ላይ በዛው በ3060 ስም 8 ጊጋ ያለው ሌላ ካርድም ወጥቷል፣ ስለዚህ ስሙን ብቻ ሰምታችሁ እንዳትከፍሉ፣ ካርቶኑን አንብቡ። እኔን ከጠየቃችሁኝ 12 ጊጋ መነሻ ነው፣ 16 ከተገኘ በጣም ጥሩ።

አንዳንዶቻችሁ "ራሙን፣ የኮምፒውተሩን ዋና ሚሞሪ፣ ተጠቅሞ አይሰራም ወይ" ትሉኝ ይሆናል። አንዳንድ ሬንደር ሞተሮች፣ ሬንደሩን የሚሰሩት ፕሮግራሞች ማለት ነው፣ ከካርዱ የተረፈውን ወደ ራም ያወጡታል፣ ግን በጣም ይዘገያል። ካልሆነም በፕሮሰሰሩ ሬንደር ማድረግ ይቻላል፣ ያኔ ራማችሁ ነው የሚሰራው፣ የሚፈጀው ጊዜ ግን ያታክታል። ከእጅ አይሻል ዶማ ነው፣ ቢሆንም ለጨነቀ ቀን መኖሩን እወቁ።

የቱ ብራንድ ይሁን ለሚለው፣ መጀመሪያ የምትሰሩበትን ሶፍትዌር ጠይቁት። ብሌንደር በሚባለው የአኒሜሽን ሶፍትዌር ላይ ያለው ሳይክልስ የሚባለው ሬንደር ሞተር የኢንቪዲያንም የኤኤምዲንም የኢንቴልንም ካርድ ይቀበላል፣ ኢንቪዲያ ላይ ኦፕቲክስ የሚባለውን ስታበሩለት ሬንደሩ በጣም ይፈጥናል። ግን ከኢንቪዲያ ካርድ ውጪ የማይሰሩ ሬንደር ሞተሮችም አሉ። ነገ ልትሰሩበት የምታስቡትን ሶፍትዌር ገጽ ከፍታችሁ የሚቀበለውን ካርድ አንብባችሁ ግዙ፣ አስር ደቂቃ አይፈጅም።

ሦስተኛ ፓወር ሰፕላይ ነው፣ ለሁሉም ዕቃ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው። ማንም የማያወራለት ዕቃ። መብራት የለው፣ ውበት የለው፣ በኮምፒውተሩ ሳጥን፣ በኬዙ፣ ስር ተደብቆ ነው የሚኖረው። እና ሰው ገንዘብ ሲያጥረው ከምን ይቀንሳል? ከሱ። እኔም ከሱ ነው የቀነስኩት።

ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ጌም ስጫወት ወራት ምንም አላለኝም። ምክንያቱም ጌም ይወጣል ይወርዳል፣ ካርዱ አንዳንዴ ይተነፍሳል። ሬንደር ግን ለሰዓታት ሙሉ ጉልበት እየሳበ ነው የሚሄደው፣ እረፍት የለውም። አንድ ቀን ማታ ሬንደር አስጀምሬ ተኛሁ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነቃሁ፣ ያነቃኝ ድምጽ አይደለም፣ ድምጹ መጥፋቱ ነው፣ ፋኑ ሲያጓራ የለመደው ጆሮዬ ዝምታው ቀሰቀሰው። ክፍሉ ጨለማ ነው፣ ኮምፒውተሩ ጠፍቷል፣ ሞቅ ያለ የተቃጠለ ፕላስቲክ የመሰለ ሽታ አለ። የባሰው ደግሞ ስራውን በቀጥታ ወደ አንድ የቪዲዮ ፋይል ነበር ሳወጣ የነበረው፣ ፋይሉ ሳይዘጋ ስለተቋረጠ አልከፍት አለኝ። የስንት ሰዓት ሬንደር ዜሮ።

ከዛ ሌሊት ሁለት ነገር ነው የያዝኩት። አንዱ፣ ሬንደር ሁልጊዜ ወደ ተከታታይ ምስል ይውጣ፣ ፒኤንጂ ወይም ኢኤክስአር፣ እያንዳንዱ ፍሬም ለብቻው። 600ኛው ላይ ቢቋረጥ ከ600ኛው ትቀጥላላችሁ። ይሄ የዕቃ ምርጫ አይደለም ግን ሳልነግራችሁ ብሄድ ህሊናዬ አይለቀኝም። ሁለተኛው፣ ፓወር ሰፕላይ ላይ አትቆጥቡ። የካርዱን ዋት እና የፕሮሰሰሩን ዋት ደምሩ፣ ሁሉም ዕቃ ለሚሰካበት ሰሌዳ ለማዘርቦርድ፣ ለፋን፣ ለዲስክ ምናምን ወደ 75 ጨምሩ፣ ከዛ ላዩ ላይ ግማሹን ያህል ትርፍ አስቀምጡ። 3060 170 ዋት ነው፣ ፕሮሰሰሩ ሙሉ ሲሰራ 90 ገደማ ቢስብ፣ ከሌላው ጋር ወደ 335፣ ስለዚህ ጥሩ 550 ይበቃችኋል። ትርፉ ለምንድነው? ካርድ ለቅጽበት ከተጻፈበት በላይ ይስባል፣ ያቺን ቅጽበት ነው ርካሹ የማይችላት። 80 ፕላስ የሚለውን ምልክት ካያችሁ ደግሞ ትርጉሙን እወቁት፣ ከግድግዳ የወሰደውን ኤሌክትሪክ ምን ያህሉን ሳያባክን እንደሚያደርስ ነው የሚነግራችሁ፣ ውስጡ በጥሩ ዕቃ ለመሰራቱ ዋስትና አይደለም፣ እሱን ከፍተው የፈተሹ ሰዎች ከጻፉት ነው የምታገኙት።

ኧረ አንድ ነገር! የአንዱን ፓወር ሰፕላይ ኬብል ለሌላው እንዳትሰኩ። ጫፉ ይመሳሰላል፣ ልክክ ብሎ ይገባል፣ ግን ሰፕላዩ በኩል ያለው የሽቦ አሰላለፍ ከሞዴል ሞዴል ይለያያል፣ 12 ቮልቱ 5 ቮልት መግባት ያለበት ጋ ከገባ ዲስካችሁ በአንድ ቅጽበት ይሞታል። እሺ? አደራ።

አራተኛ፣ ፕሮሰሰር። እዚህ ዘና በሉ፣ ምክንያቱም በአብዛኛው የሚያዘገይ እንጂ የሚያስቆም አይደለም። ሬንደሩን ካርዱ የሚሰራላችሁ ከሆነ 16 ኮር፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ ውስጥ 16 ሰራተኛ፣ ምን ያደርግላችኋል? ካራክተራችሁን እያንቀሳቀሳችሁ፣ ታይምላይኑን እያጫወታችሁ፣ ሪጉ፣ የካራክተሩ አጽም፣ እጅ እግር ሲያጥፍ በብዛት የሚለፋው አንድ ሁለት ኮር ነው፣ ስለዚህ የአንዱ ኮር ፍጥነት ነው የሚሰማችሁ። ጌምም እንደዛው። ጥሩ ፈጣን 6 ወይም 8 ኮር በቂ ነው። ውሀ፣ ጭስ፣ ጨርቅ ሲሙሌሽን የምታበዙ ወይም በፕሮሰሰር ሬንደር የምታደርጉ ከሆነ ብቻ ኮር ጨምሩ።

ፕሮሰሰር ከመረጣችሁ ማዘርቦርዱ ራሱ ይመጣል፣ ሶኬታቸው፣ ፕሮሰሰሩ የሚቀመጥበት ቦታ፣ አንድ መሆን አለበትና። የኤኤምዲ ኤኤም 4 ሶኬት ከሆነ ራሙ ዲዲአር 4 የሚባለው ትውልድ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ኤኤም 5 ከሆነ ዲዲአር 5 ብቻ ነው፣ የኢንቴሉ ኤልጂኤ 1700 ደግሞ ሁለቱንም አይነት ቦርድ አለው፣ ግን አንዱ ቦርድ አንዱን ብቻ ነው የሚወስደው። ዲዲአር 4 እና 5 ላይ ያለችው ቁርጥ ቦታዋ ይለያያል፣ በጉልበት እንዳትሞክሩ። ሶኬት ለነገም ነው የሚታሰበው፣ በኤኤም 4 እ.ኤ.አ. በ2017 የጀመሩ ሰዎች ባዮሳቸውን፣ ቦርዱን የሚያስነሳውን ፕሮግራም፣ አፕዴት እያደረጉ በ2022 የወጣ ፕሮሰሰር በዛው ቦርድ ላይ የተከሉ አሉ፣ ሌላው ሳይነካ።

ከካርዱ ርዝመት ጋር የኬዙን፣ ፕሮሰሰሩን ከሚያቀዘቅዘው ከኩለሩ ቁመት ጋር የኬዙን ስፋት በሚሊሜትር አመሳክሩ። አንድ ጓደኛዬ ካርዱ በ8 ሚሊሜትር እምቢ ብሎት አይቻለሁ፣ ኬዙን አቅፎ ነበር የቆመው። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ፣ የተባለው ለሱ ነው የሚመስለው። ኬዝ ስትመርጡ ደግሞ ፊቱ ወንፊት የሆነውን ምረጡ፣ መስታወት ፊቱ ያምራል ግን 5 ቀን ሬንደር የሚያደርግ ማሽን መተንፈስ አለበት።

ራም፣ 32 ጊጋ። 16 ላይ ብሌንደሩን፣ ብራውዘሩን፣ የቴክስቸር ሶፍትዌሩን አንድ ላይ ስትከፍቱ ይጨናነቃል። እና አንድ 32 ሳይሆን ሁለት 16 ግዙ፣ ፕሮሰሰሩ በሁለት መስመር እንዲያነብ። አራት ቀዳዳ ካለው ቦርድ ላይ ከፕሮሰሰሩ ስትቆጥሩ በብዛት ሁለተኛውና አራተኛው ላይ ነው የሚሰኩት፣ ማኑዋሉ ይነግራችኋል። ከዛ ባዮስ ገብታችሁ ኤክስኤምፒ ወይም ኤክስፖ የሚለውን አብሩት፣ አለዚያ የከፈላችሁበትን ፍጥነት ሳታዩት ነው የምትኖሩት። ስንት ሰው ሳያበራው ዓመት እንደሚጠቀም ብታውቁ!

ዲስክ ላይ አልቆይም። 1 ቴራ ኤንቪኤምኢ የሚባለውን ፈጣን ዲስክ ግዙ፣ ያለቀውን ስራ ወደ ተራ ሃርድ ዲስክ አውርዱ፣ እና ከኮምፒውተሩ ውጪ ሌላ ኮፒ ይኑራችሁ። ኤም ዶት 2 ቅርጽ ያለው ሁሉ ኤንቪኤምኢ አይደለም፣ ሳታ የሚባለው ቀርፋፋውም አለ፣ አንብቡ። ሞኒተር ላይም ባጭሩ፣ አይፒኤስ የሚባለው የስክሪን ዓይነት የሆነና ቀለሙ የሚታመን ይሁን፣ ለጌሙ ብላችሁ 144 ኸርዝ፣ በሰከንድ 144 ጊዜ ምስል የሚቀይር፣ ከገዛችሁ ዊንዶውስ ሴቲንግ ገብታችሁ 144 ላይ አድርጉት፣ ብዙ ጊዜ 60 ላይ ነው የሚቀመጠው። ኬብሉ ደግሞ ካርዱ ላይ ይሰካ፣ ማዘርቦርዱ ላይ አይደለም።

አሁን ወደ መገጣጠሙ ልግባ፣ ይሄን ሳልናገር ካለቀ ዕቃውን ገዝታችሁ ፈርታችሁ ታስቀምጡታላችሁ።

ባለፈው ከእህቴ ልጅ ጋር የሱን የመጀመሪያ ኮምፒውተር ገጠምን። እኔ ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ፣ እጄን አላስነካሁም፣ ሁሉንም እሱ ነው የሰራው። ፕሮሰሰሩን ሶኬቱ ላይ አስቀመጠ፣ ማዕዘኑ ላይ ያለችው ትንሽ ሦስት ማዕዘን ከቦርዱ ጋር ገጠመች፣ ሳይጫን በራሱ ክብደት ቁጭ አለ። ከዛ ዘንጉን ወደታች ሲገፋ ጠጠጥ የሚል ድምጽ ሰማ፣ እጁን እንደነደደው ሰው ሰበሰበ። "አክስቴ፣ ሰበርኩት!" አለኝ። አልሰበርክም፣ ሶኬቱ ድምጹ እንደዛ ነው፣ ግፋ አልኩት። ገፋ፣ ገባ። ሙቀት የሚያስተላልፈውን ተርማል ፔስት የአተር ፍሬ የምታህል መሀሉ ላይ ጠብ አደረገ፣ ኩለሩ ስር ያለችውን ፕላስቲክ ልጦ፣ እሷ ፕላስቲክ ሳትላጥ ስንቱ ኩለር እንደታሰረ፣ ብሎኖቹን በመስቀል ተራ በተራ አጠበቀ። የማዘርቦርዱን ባለ 24 ፒን የኤሌክትሪክ ኬብል ሰካ፣ ላይኛው ጥግ ያለውን የፕሮሰሰር 8 ፒን ሰካ፣ እሱን ሰው ይረሳዋል እናንተ እንዳትረሱ። ካርዱን ጠቅ እስኪል አስገባ።

ከዛ ማብሪያውን ተጫነ። ፋኖቹ ዞሩ። ስክሪኑ ጥቁር። አንድ ደቂቃ፣ ጥቁር። ሁለት ደቂቃ፣ ጥቁር። የልጁ ፊት መገርጣት ጀመረ፣ ያጠራቀመው ሁሉ እዛ ውስጥ ነው ያለው፣ እጁን ወደ ግድግዳው ሶኬት ሰዶ ሊነቅለው ሲል እጁን ያዝኩት። ቦርዱ ላይ ድራም የሚል ጽሑፍ አጠገብ ትንሽዬ መብራት በርታለች፣ አየሃት አልኩት። ኤኤም 5 ነው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲበራ ራሙን አንድ በአንድ እየሞከረ ነው የሚለምደው፣ ደቂቃዎች ይወስዳል፣ መሀል ላይ ካጠፋኸው እንደገና ከዜሮ ነው የሚጀምረው። ተቀመጥ። ተቀመጥን። ከአፉ ቃል አልወጣም፣ እኔም ዝም አልኩ፣ ሁለታችንም ያቺን መብራት ነው የምናየው። እሷ ጠፋች፣ ከጎኗ ያለችው በራች፣ እሷም ጠፋች፣ እና ስክሪኑ ላይ የባዮሱ ጽሑፍ መጣ። 32 ጊጋ ይላል። ልጁ ሁለት ጊዜ አነበበው።

እሺ፣ እዚህ ጠረጴዛ ላይ የምታዩት የራሴ ማሽን ነው፣ ፓወር ሰፕላዩ ከዛ ሌሊት በኋላ የተቀየረው ነው። ካቻቪቴው ይኸው። የጎኑን ክዳን ልከፍተው ነው፣ ማዶ ያላችሁ ኑ ክበቡት፣ መጀመሪያ ኬዙን በባዶ እጃችሁ ነክታችሁ ሰውነታችሁ ላይ የተጠራቀመውን ስታቲክ ኤሌክትሪክ አውጡ፣ ከዛ ማን ነው ካርዱን የሚነቅልልኝ?